ሳትቆጠሪ ንቅንቅ የለም

ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ነጭ ቀለም በተቀባው ቤት፣ ከአልጋ በላይ ምንም ነገር አይሰቀልም። መስታወት አይሰቀልም፣ ሰዓት አይሰቀልም፤ የቤቱ አባወራ የሂሻም አባት በትልቅ ጥምጥም የተነሡት፣ ፍሬሙ ብቻውን አንድ ሕፃን የሚያህለው ፎቶግራፍም አይሰቀልም። የቤቱ እመቤት ኡስታዛ ሉጥፊያ የአማቷን ፎቶ ከመኝታዋ በላይ ብትሰቅለው ሠራተኛዋ ዘምዘም ታወርደዋለች፤ መልሳ ብትሰቅለው መልሳ ታወርደዋለች። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ከማንም ዝቅ ብለው ተቀምጠው አያውቁም ይባላል። ከሞቱ በኋላ ግን አንዲት የወሎ ሴት ወለል ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ያ ዘምዘም፣ ደ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ? ባሌ ከዱባይ መጥቶ አባቱን ከቁምሳጥን ሥር ቢያገኝ ምን ልበለው?» ትላለች ሉጥፊያ።

«ጭንቅላትሽ ላይ ወድቀው ከሚገድሉሽ እዚያው ይረፉ፣ ኡስታዛ። እሳቸውም ገዳይ ከመባል ይድናሉ።»

ሉጥፊያ በሴቶች ትምህርት ቤት የዓረብኛ አስተማሪ ናት፤ ክፍል ሙሉ ኮረዳ በአንድ ግልምጫ ጸጥ ታሰኛለች። በዘምዘም ላይ ግን ግልምጫዋ አይሠራም። ስለዚህ ፎቶው ወለል ላይ ቀረ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ዘምዘም ግን እባቡን በዓይኗ አላየችውም። ያዩት አባቷ ናቸው። እሷ የተወለደችው መንደራቸው ካራቆሬ ከተንቀጠቀጠች ከዓመታት በኋላ ነው። ፍርሃትም እንደ እርሻ መሬት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ለዘምዘም የደረሳት ድርሻ ደግሞ ሰፋ ያለ ነበር።

አባቷ ሙሐመድአወል በወጣትነታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ለዚያውም የተመሰገኑ። ሚስት ሲያገቡ ለራሳቸው ቤት ሠሩ፤ የሠሩትም እንደ ጎረቤቶቻቸው በእንጨትና በጭቃ ሳይሆን በድንጋይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነበር። ጅብ እንዳይፈለፍለው፣ ሌባ እንዳይቦረቡረው፣ የሌሊት ቁር እንዳያልፈው ብለው አንዷን ድንጋይ ከሌላዋ ጋር እያፋቀሩ ነው የካቡት። የመጀመሪያ ልጃቸው ጀሚላ የተወለደችው እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ያን ቤት ያይ ነበር። ከአጠገቡ የአንድ ድኻ ሰው ጎጆ ነበረች፤ ምሰሶዋ ያዘመመ፣ ሣሯ የሳሳ። ሙሐመድአወል በዚያች ጎጆ ላይ ቀልድ አያልቅባቸውም ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መሬት ተነሣች። ባልና ሚስት እርሻ ላይ ነበሩ። ጀሚላን ከሚያውቁት ሁሉ የተሻለ ደኅና ቦታ ላይ አስተኝተዋት ነበር የወጡት፤ ከዚያ ወፍራም ግድግዳ ሥር። መሬት ስትረጋ ያ የተወደሰ ቤት የድንጋይ ቁልል ሆኖ ጠበቃቸው። የድኻው ጎጆ ግን እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ብላ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ እንዳዘመመች ቆማለች።

«መሬት አልገደለችብኝም» ይሉ ነበር ሙሐመድአወል በስተርጅና፣ አልፎ አልፎ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «መሬት ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ምን ታደርገዋለች? የገደለብኝ ግድግዳዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም። ቤታቸውን በቀጭን ወጋግራና በጥብቅ ማገር ሠሩ፤ ክዳኑን ሣር አደረጉ። ቆጥ የሚባል ነገር ከለከሉ። እህሉም ወፍጮውም ምጣዱም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከተኛ ሰው በላይ አየር ብቻ ይሁን አሉ። ሁለተኛው ሥራቸው ደግሞ ቆርቆሮው ነበር።

ዘምዘም ዛሬም ዓይኗን ስትጨፍን ያ አሮጌ የጋዝ ቆርቆሮ ይጮህባታል። አባቷ መቼ እንደሚመቱት አይታወቅም። እራት ላይ ይመቱታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይመቱታል፣ ልጆቹ ተጣልተው ፀጉር ሲጓተቱ ይመቱታል። ሲመቱም ይዘፍናሉ፤ «ውጡ ውጡ ከቤት ውጡ፣ እማማ መሬት ሳይቆጡ!» ያኔ የያዙትን ጥለው፣ ጫማ ሳይፈልጉ፣ ከግድግዳ ርቆ ወደቆመው የሾላ ዛፍ መሮጥ ነው። መጨረሻ የደረሰ ውኃ ይቀዳል። ዘምዘም ውኃ ቀድታ አታውቅም፤ ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች። እንዴት ያለ ልጅነት ነበር! ሞትን የሚያህል ነገር አባቷ ጨዋታ አድርገው አጎረሷቸው፤ ልጆቹም ጣፍጧቸው ዋጡት።

አንድ ቀን ለታላቅ እህቷ ሽማግሌ ተልኮ መጣ። እንግዶቹ ገና ምሳውን መቁረስ ሲጀምሩ ሙሐመድአወል ቆርቆሯቸውን አነሡ። ለእሳቸው ሽማግሌ ቢመጣ፣ ንጉሥ ቢመጣ ያው ነው። እናትየዋ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ሙሽራ ልትሆን የታጨችው ልጅ ነጠላዋን ጥላ፣ ልጆቹ ሁሉ በእንግዶቹ መሐል ተስፈንጥረው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ከገበታው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። አንደኛው ሽፍታ መጣ ብለው በጓሮ አጥር ሲዘሉ ጋቢያቸው እሾህ ላይ ቀረ። «ይህ ቤተሰብ ጤና የለውም» ብለው ምለው ነበር፤ ሠርጉ ግን ተሠረገ። እኚያ ሽማግሌ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ቤት ደጅ ባለፉ ቁጥር ከመንገድ ላይ ሆነው ሰላም ይሉ ነበር እንጂ ደጃፉን አልረገጡም።

ከሾላው ሥር ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ሳትቆጠሪ ንቅንቅ የለም። አባታቸው መጥተው የእያንዳንዱን ልጅ አናት በመዳፋቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ ያልተቆጠረ ልጅ እግሩን ካነሣ ወዮለት። ከመጨረሻው ልጅ በኋላ የሙሐመድአወል እጅ ትንሽ አየር ላይ ይቆያል። ገና አንድ አናት እንደቀረው ይቆያል። እናታቸው ያኔ ፊቷን ታዞራለች። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው።

ዘምዘም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብዙ ሰው ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። ገዳሪፍ ጥቂት ሠራች፤ ከዚያ ካርቱም። አግብታ ፈታች፤ ልጅ አልሰጣትም። ኦምዱርማን ውስጥ ከአገሯ ሴቶች ጋር የጭቃ ጡብ ቤት ተከራይታ ስትኖር ገና በገባች ዕለት አልጋዎቹን ሁሉ ከግድግዳ አራቀች፤ ሴቶቹ ሳቁባት። በሰማንያ አምስት ክረምት ካርቱምን መሬት ስትነቀንቃት ዘምዘም ሴቶቹን በእጅም በፀጉርም እየጎተተች ወደ ሆሹ፣ ወደ ግቢው መሐል አወጣቻቸው። ቤቱ ግን አልወደቀም፤ ጥቂት ልስን ረገፈና አበቃ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን እየተሸከመ ደጅ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያን ዕለት ዶፍ ዝናብ ወርዶ ሁሉንም ከነፍራሹ አራሰው። ሴቶቹ ለዝናቡም ዘምዘምን ነበር የተቆጡት።

ሉጥፊያ ቤት ተቀጥራ የገባችው የሉጥፊያ ልጅ ፋሪሃ ሳትወለድ ነው። ሕፃኗ ተወለደች፤ አባቷ ሂሻም ወደ ዱባይ ሥራው ተመለሰ፤ ሉጥፊያም ወደ ትምህርት ቤቷ። ልጅቱ በዘምዘም እጅ ላይ ቀረች። «ኻልቶ» ትላታለች፤ አክስቴ ማለት ነው። የመጀመሪያ ጥርሷን ያየችው ዘምዘም ናት፤ የመጀመሪያ እርምጃዋም ወደ ዘምዘም ነበር። ያች ልጅ እግሯ እንደጸና ዘምዘም የምታወርሰውን ብቸኛ ሀብት አወረሰቻት። በቆርቆሮ ፈንታ ሲኒያ የሚሉትን ትልቅ ክብ የምግብ ትሪ አነሣች።

የት እንደምትሮጥ ግን ብዙ አሰበችበት። የሆሹ አጥር ረጅም የጡብ ግንብ ነው፤ ዘምዘም ደግሞ ጡብ አታምንም። ከውጪው በር ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ አንድ አሮጌ የኒም ዛፍ አለ፤ ከአጥሩም ከመብራት ሽቦውም የራቀ። ግንቡ ወደ ውጪ ቢወድቅ እንኳ አይደርስበትም። «እዚያ» አለች። ሉጥፊያ መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ግን ልጅቱ ሮጣ ስለምትወጣላትና ምሳዋን በደንብ ስለምትበላላት ደስ አላት። ፋሪሃም ዘፈኑን ለምዳ፣ «ጡ» የምትለዋ አልወጣ ብላት፣ «ውቱ ውቱ ከቤት ውቱ» እያለች ትበር ነበር። አማርኛዋ ይህን ያህል ነው፤ ዘምዘምን ራሷን «አንተ» ነው የምትላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘምዘም ትሪውን መትታ፣ ልጅቱ ሮጣ ወጥታ፣ ወጡ ገንፍሎ ዘምዘም መቁጠሩን ረሳችው። ትዝ ሲላት ደንግጣ ወጣች። ፋሪሃ በዚያ በካርቱም ፀሐይ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ክንዷን አጣምራ፣ ከኒሙ ሥር ቆማለች።

«ለምን አልገባሽም፣ የኔ እናት?»

«ኻልቶ አልቆጠርከኝም።»

ዘምዘም አቅፋት አለቀሰችም ሳቀችም። በሚቀጥለው ዓርብ ኦምዱርማን ሄዳ ለአገሯ ሴቶች ሁሉ እየዞረች ተናገረች፤ ልጄ እንዲህ አደረገች እያለች። «ልጄ» ነበር ያለችው። አባቷ ቢያዩ ብላ ተመኘች።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። በሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ታኅሣሥ ዳቦ ጠፋ፤ ከዳቦው ጋር ሰውም ትዕግሥቱ ጠፋ። ከአል-ጣኢፍ ብዙ በማይርቀው ቡሪ ጎማ ይቃጠል ጀመር፤ የሚያስለቅሰው ጭስ በነፋስ እየመጣ የዘምዘምን ሽንኩርት መክተፍ ያስንቅ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ሕዝቡ መንግሥት ይውረድ ብሎ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ አልነሣም አለ። አንድ ቀን ሥራ ሲያበቃ ሉጥፊያ ቶቧን፣ ያን ረጅም መጠቅለያ ልብሷን፣ ለበሰች፤ ለፋሪሃ ባንዲራ ገዛች። «ያላ፣ ዘምዘም፣ አንቺም ነይ። ይህ ነገር በዕድሜ አንዴ ነው» አለች።

ዘምዘም ያን ቀን እስከ ዛሬ ሸንኮራ እንደሚመጠጥ ትመጥጠዋለች። የማታውቀው ሰው ሁሉ «ኢትፈደሊ» እያለ ዳቦና ሻይ ያስጨብጣታል። ወጣቶች ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሥላሉ፤ ሴቶች ይዘፍናሉ። «ከየት ነሽ?» ያላት ሁሉ «ሐበሺያ» ስትለው «አገርሽ ነው፣ እኅታችን» ይላታል። ሠላሳ ዓመት ከምናምን በኖረችበት ከተማ ይህን ሲሏት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሉጥፊያ፣ ያች ኮስታራ አስተማሪ፣ የድሮ ተማሪዎቿ ትከሻ ላይ ተደግፋ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

መንገዱ ላይ የባቡር ድልድይ አለ። ልጆች ከላዩ ተቀምጠው ብረቱን በድንጋይ ይደበድቡታል፤ ያ ሁሉ ብረት ባንድ ላይ ሲያስገመግም ጥርስ ድረስ ይሰማል። ሦስቱ ከድልድዩ ሥር ሲደርሱ ፋሪሃ የዘምዘምን እጅ መንጭቃ በሕዝቡ መሐል እንደ ጥንቸል ሹልክ አለች። እናቷ ጮኸች። ያገኟት ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ ላይ ነው፤ ከድልድዩም ከሕንፃውም ርቃ፣ ባንዲራዋን ይዛ፣ ክንዷን አጣምራ። ዘምዘም እየሳቀች መዳፏን አናቷ ላይ አደረገች። ሉጥፊያም ሳቀች፣ ዙሪያው የቆመ ሰው ሁሉ ሳቀ። «እሰይ የኔ ልጅ!» አለች ዘምዘም። ደስታዋ ዓይኗን ጋረደው እንጂ ያኔ ልታየው የሚገባ ነገር ነበር።

በረመዳን መጨረሻ ያ የሻይና የዘፈን ሰፈር በጥይት ተበተነ። ሉጥፊያ ያስተማረቻት አንዲት ልጅ የት እንደገባች አልታወቀም። ስልኩ አይሠራም፣ ኢንተርኔት የለም፤ ከተማዋ ትንፋሽዋን ዋጠች። የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ዘጉት። ምልክትም ተነጋገሩ፤ ታጣቂ የጫኑት መኪኖች ሲመጡ የመብራት ምሰሶውን በብረት ይመታሉ። ትርጉሙ «ግቡ፣ በር ዝጉ» ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሉጥፊያ ታውቃለች፣ ዘምዘምም ታውቃለች። ለፋሪሃ ግን የነገራት የለም። ትልልቆቹ የሚፈሩትን ለልጅ መንገር ደግ አይመስላቸውምና።

የኢድ ጠዋት ነበር። ኢድ ሙባረክ የሚል ጎረቤት አልመጣም። ፋሪሃ አዲሱን ነጭ ጫማዋን ተጫምታ ወጥ ቤት ውስጥ የኢድ ብስኩቷን እየቆረጠመች ነበር። ድንገት ከጎዳናው ማዶ ብረት ጮኸ። ቋ! ቋ! ቋ! የዘምዘም የራሷ እግር እንኳ ለአፍታ ወደ በሩ ዞረ። ፋሪሃ ግን አፍታም አልፈለገችም። «ውቱ ውቱ» እያለች በሆሹ አልፋ የውጪውን በር በርግዳ ወጣች።

ሉጥፊያ መስኮት ስትዘጋ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ልጇ ከኒሙ ሥር ቆማለች፤ ሜዳው ላይ ከእሷ በቀር አንድ ፍጡር የለም።

«ፋሪሃ! ኡድኹሊ! ነይ ግቢ!»

ፋሪሃ ራሷን ነቀነቀች። «ኻልቶ ይቁጠረኝ!»

«ግቢ እያልኩሽ!» ሉጥፊያ በሩን ይዛ ተንጠለጠለች። ልጅቱ እናቷ ስትጮህ ባየች ቁጥር ዛፉን ይበልጥ ተጠጋች። የተማረችው ይህንኑ ነው፤ የቱንም ያህል ቢጮሁብሽ ሳትቆጠሪ ንቅንቅ የለም።

ዘምዘም ከሃምሳ ዓመት በላይ ናት፤ ጉልበቷንም ያማታል። ግን ከሙሐመድአወል ልጆች ሁሉ ፈጣኗ ነበረች፤ ያን ቀንም ፈጣኗ ሆነች። በባዶ እግሯ ሜዳውን አቋርጣ ስትደርስ አንድ መኪና ጠመንጃ ያነገቡ ሰዎች እንደጫነ ከማዶው ማዕዘን ታጠፈ። ልጅቱን በደረቷ ከግንዱ ጋር አጣበቀቻት፤ መዳፏን አናቷ ላይ አደረገች። «ዋሂድ! አንድ! ተቆጠርሽ! ኻላስ፣ ተቆጠርሽ!» ያኔ ብቻ የተጣመሩት ትንንሽ ክንዶች ተፈቱ። ተኩስ ተሰማ፤ ወደ ሰማይ ይሁን ወደ እነሱ አላወቀችም። የኒም ቅጠል ራሳቸው ላይ ረገፈ። ዘምዘም ልጅቱን በብብቷ አንጠልጥላ፣ ጎንበስ ብላ ሮጣ፣ በሩን በእግሯ መትታ ገባች። ሉጥፊያ ብረቱን ቀረቀረች። መኪናው ሳይቆም አለፈ።

ሉጥፊያ ልጇን ሳመች፤ ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ ዳሰሰቻት። ከዚያ ቀና ብላ ዘምዘምን አየቻት።

«አንቺ ነሽ። ከበር ውጪ መሮጥን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። እኔ ስጠራት እንዳትመጣ ያደረግሽው አንቺ! ወላሂ፣ ዘምዘም፣ ልጄን ልታስገድያት ነበር!»

ዘምዘም ክፍሏ ገባች፤ ልብሷን ወደ ሻንጣዋ ትከት ጀመር። ከዚህ ቤት የምትወስደው ብዙ ነገር አልነበረም፤ የምትተወው ነው ብዙ። ይህን ስታስብ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና አባቷን አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ የምታዝንላቸው ልጃቸው ስለሞተች ነበር። ያን ያህል ብቻ መስሏት ነበር የሐዘናቸው ልክ። አሁን ግን ገባት። አባቷ ያን ግድግዳ የካቡት ጀሚላን ስለወደዱ ነው። የሚያውቁት ጠላት ጅብና ሌባ ነበር፤ ለጅብና ለሌባ የሚሆን ግድግዳ ሠሩ፤ የመጣችው ግን መሬት ሆነች። እሷ ደግሞ የምታውቀው ጠላት መሬትን ነው፤ ለመሬት የሚሆን በር ከፈተች፤ የመጣው ግን ሰው ሆነ። ፍቅሩ አንድ ነው። የሁለቱም ጥፋት የመጣው ፍቅራቸው ወደ አንድ በኩል ብቻ ስላየ ነው። «አባቴ፣ ይህን ነበር እንዴ የተሸከምከው?» አለች ድምፅ አውጥታ፤ አለቀሰችም።

ሉጥፊያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሻንጣውን አየች።

«የት ልትሄጂ ነው? መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው።»

«እስኪከፈት ሆሹ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ኡስታዛ።»

«ለማን ነው የምታለቅሺው?»

ዘምዘም በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጀሚላ ተናገረች። ስለ ግድግዳው፣ ስላዘመመችው ጎጆ፣ ስለ ቆርቆሮው። ሉጥፊያ እየሰማች ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ረገፈ። ፋሪሃ መቼ እንደገባች፣ ምን ያህልስ እንደሰማች አላወቁም። በሁለቱ መሐል ቆማ፣ አንዷን ከሌላዋ እያየች ጠየቀች።

«ብረት ሲጮህ ልውጣ ወይስ ልግባ? እንዴት ነው የማውቀው?»

ዘምዘም እናትየዋን አየቻት። ሉጥፊያ ዓይኗን በቶቧ ጠርጋ፣ «ንገሪያት» አለች። «ግማሹን ብቻ ስላስተማርናት ነው። እኔም አልነገርኳትም።»

ዘምዘም ተንበረከከች። የልጅቱን አዲስ ነጭ ጫማ አውልቃ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አስረገጠቻት። «ጆሮሽን አትመኚ፤ ብረት ማንም ይመታዋል። እግርሽን ጠይቂ። መሬት ስትቆጣ እግርሽን ትነግረዋለች፤ ያኔ ወደ ኒሙ። እግርሽ ዝም ብሎ ጆሮሽ ብቻ ከሰማ ግን የተቆጣው ሰው ነው። ሰው ሲቆጣ ወደ ውስጥ ነው፣ የኔ እናት።»

«እና ማን ይቆጥረኛል?»

«የትም ብትሆኚ እኔ እቆጥርሻለሁ። ከመቁጠሬ በፊት እናትሽ ከጠራችሽ ግን እንደ ተቆጠርሽ ነው፤ ትሄጃለሽ።»

ሻንጣው ያን ቀን ተፈታ። ሁለቱ ሴቶች ቤቱን ዞረው አዩት፤ መስኮት የሌለው፣ መንገዱ የማያየው፣ ከላዩ ምንም ያልተሰቀለበት ቦታ ፈለጉ። ከወጥ ቤቱ ወደ ጓዳው የሚያሳልፈውን ኮሪደር መረጡ። እዚያ የተንጠለጠለውን የመጨረሻ መስታወት ያወረደችው ሉጥፊያ ራሷ ናት። ለመውጫው ትሪው ቀረ፤ ለመግቢያው የእንጨት ሙቀጫው በዘነዘና ይመታ ተባለ። ሉጥፊያ ይህንኑ በሰፈሩ ላሉ እናቶች ሁሉ ነገረች፤ ልጆቻችሁ የምሰሶውን ምልክት ያውቃሉ ወይ እያለች በየቤቱ ጠየቀች። አብዛኞቹ አያውቁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሽግግር መንግሥት ተባለ፤ ጎማው መቃጠሉን ተወ፣ ስልኩም ሠራ። ዳቦው ግን ውድ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ ሰዉ ኢንሻአላህ እያለ ይኖራል። ዘምዘም አሁንም ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ ድልድዩን ተሻግራ ኦምዱርማን ትሄዳለች። አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫት የካራቆሬን ሾላ ታስባለች፤ ዛሬ ይኑር ይቆረጥ አታውቅም። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። የድንጋዩ ቁልል ግን እስከ መጨረሻው ሳይነሣ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ሣር በቅሎበት፣ ፍየል ቆሞበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀጫው ተመታ። የመታችው ፋሪሃ ናት፤ ዐሥር ዓመት ሞልቷታል፤ ትልልቆቹን ማሠልጠን አምሯታል። ሉጥፊያ የፈተና ወረቀቷን፣ ዘምዘም ሊጧን ጥለው ወደ ኮሪደሩ ሮጡ፤ ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፋሪሃ እንደ አለቃ ተንጎማልላ መጣች።

«ሳትቆጠሩ ንቅንቅ የለም!» አለች፤ ይህን ጊዜ አማርኛዋ አልተሰበረም።

መዳፏን እናቷ አናት ላይ አደረገች። «ዋሂድ።» ዘምዘም አናት ላይ። «ኢትነይን።» በራሷ አናት ላይ። «ተላታ።»

እጇ አልወረደም። ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ዘምዘም እጁን ትኩር ብላ አየችው፤ ይህን ለልጅቱ አልነገረቻትም፣ ማንም አልነገራትም። ፋሪሃ ጎንበስ ብላ ከዘምዘም ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ተኝታ የምታድር ሕፃን አናት እንደምትነካ፣ መዳፏን ቀስ አድርጋ አሳረፈች።

«አርባዓ» አለች። «ጀሚላ።» ከዚያም ሞልቷል ብላ አጨበጨበች። «ኻላስ! ሁላችሁም አላችሁ። አሁን መነሣት ይቻላል።»

ሉጥፊያ ተነሣች። ዘምዘም ግን ወዲያው አልተነሣችም።